በሱቅ ዐረቢ የተሸጠ ሞደም እና የሊኑክስ ውስጣዊ አሠራር

ሱቅ ዐረቢ በካርቱም እምብርት፣ በታላቁ መስጊድ ዙሪያ የተዘረጋ ገበያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት እስኪፈነዳ ድረስ ከልብስና ከሽቶ ጀምሮ እስከ ሞባይል ስልክ፣ ላፕቶፕና የኮምፒዩተር መለዋወጫ ድረስ የሚሸመትበት የከተማዋ ዋነኛ የንግድ ሥፍራ ነበር። እንዲህ ባለው ገበያ ውስጥ አዲስ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ያገለገለም ይሸጣል፤ ያገለገለው ይጠገናል፣ የተጠገነው ዳግመኛ ይሸጣል፣ በዚህም የተነሣ አንድ ዕቃ አምራቹ ድጋፍ መስጠት ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ይኖራል። የዕቃውን ዕድሜ የሚወስነው ግን የአካሉ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ዕቃውን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር ካረጀና ከአዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር መግባባት ካቃተው፣ ምንም ያልተሰበረ ሞደም ወይም ማተሚያ እንደተሰበረ ይቆጠራል። ስለዚህ ያ ሶፍትዌር የሚጻፍበት ውስጣዊ ደንብ ቀላል መሆኑ ወይም አለመሆኑ የባለሙያዎች የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ድራይቨር ማለት አንድን የተወሰነ ዕቃ፣ ለምሳሌ ማተሚያን፣ የድምፅ ካርድን ወይም ሞደምን፣ እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል የሚያውቅ ፕሮግራም ነው። ድራይቨር ብቻውን አይሠራም፤ ከርነል በሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዋና ክፍል ውስጥ ሆኖ ሜሞሪ ሲያስፈልገው ከርነሉን ይጠይቃል፣ ዕቃው ሲሰካ ከርነሉ ይጠራዋል፣ ዕቃው ሲነቀልም ከርነሉ ያሰናብተዋል። ይህ ሁሉ መጠራራት የሚካሄደው ስማቸውና አጠቃቀማቸው አስቀድሞ በተወሰነ ፋንክሽኖች፣ ማለትም አንድ የተለየ ተግባር በሚፈጽሙ የኮድ ክፍሎች አማካይነት ነው፤ እነዚህ ፋንክሽኖች፣ የሚሰጣቸው ግብአትና የሚመልሱት ውጤት በአንድነት ውስጣዊ ኢንተርፌስ ይባላሉ።

ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ይህ ውስጣዊ ኢንተርፌስ ልዩ ጠባይ አለው። ከርነሉ ከላዩ ለሚሠሩት ተራ ፕሮግራሞች የሚያሳየው ውጫዊ ገጽታ እንዳይሰበር የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ አጥብቆ የሚጠብቀው ሲሆን፣ ከውስጥ ያለው ግን በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። ለብዙ ዓመታት የዩኤስቢና የድራይቨር ክፍሎችን ሲመራ የኖረው ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ከከርነሉ ጋር አብሮ በሚሰራጭ አንድ ጽሑፍ ላይ የዚህን ምክንያት ሲያስረዳ፣ የዩኤስቢው ኢንተርፌስ ብቻውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ መሠራቱን ይጠቅሳል፤ አሮጌው እንዲቆይ ግዴታ ቢኖር ኖሮ የቀድሞው ስሕተትም አብሮ በቆየ ነበር። ለዚህ ነፃነት የተከፈለው ዋጋ አንድ ደንብ ነው፦ ውስጡን የለወጠ ሰው፣ ያንን ክፍል የሚጠቀሙትን በከርነሉ ውስጥ ያሉ ድራይቨሮች ሁሉ ራሱ ያስተካክላል። አንድን ሞደም ያመረተው ኩባንያ ዕቃውን ቢረሳው ወይም ጨርሶ ቢዘጋ እንኳ፣ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ለውጡን ያመጣው ሰው አብሮ ያሻግረዋል።

በሱዳን ይህ ደንብ የነበረው ጥቅም ከሌላው አገር ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበት ዘመን ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1997 በአገሪቱ ላይ የጣለችው ሰፊ የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 የቆየ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሶፍትዌራቸውን በሱዳን ላለ ሰው እንዳያቀርቡ ያግድ ነበር። በጃንዋሪ 2010 ደግሞ የነፃ ሶፍትዌር ማከማቻ የነበረው ሶርስፎርጅ ሳይቀር ከሱዳን፣ ከኢራን፣ ከሶርያ፣ ከኩባና ከሰሜን ኮርያ የሚመጣን ጥያቄ ዘግቶ እንደነበር ይታወቃል፤ በኋላ ላይ ውሳኔውን ለየፕሮጀክቱ ኃላፊዎች በመተው ክልከላውን አላልቷል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንድ ድራይቨር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ብቻ መኖሩና ከርነሉ ውስጥ መኖሩ ሰፊ ልዩነት አለው፤ በፍላሽ ዲስክ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አንድ የሊኑክስ ቅጂ በሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎችን ድራይቨር አንድ ላይ ይዞ ይጓዛልና።

በዚያው ዘመን በካርቱም የቴሌኮም ኩባንያዎቹ ዛይን፣ ኤምቲኤንና ሱዳኒ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም የዩኤስቢ ሞደም ለደንበኞቻቸው ያቀርቡ ነበር። እንዲህ ካሉት ሞደሞች መካከል በዓለም ዙሪያ በስፋት ከተሠራጩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ ላይ የዋለው ሁዋዌ ኢ220 ሲሆን፣ አሠራሩም የድራይቨርን ጉዳይ በቅርበት ለማየት ይረዳል። ሞደሙ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን ሞደም ነኝ ብሎ አያስተዋውቅም፤ ሲዲ ማጫወቻ መስሎ ይቀርብና በውስጡ የተቀመጠውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ያሳያል። ፕሮግራሙ ሲጫን ለሞደሙ አንድ አጭር ትእዛዝ ይልካል፣ ሞደሙም ትእዛዙን ሲቀበል ጠባዩን ይለውጣል። በሊኑክስ ላይ ያንን የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያስኬድ ስለሌለ፣ የከርነሉ ጸሐፊዎች ትእዛዙን የሚልክ ጥቂት መስመር ኮድ በማከማቻ ዕቃዎች ድራይቨር ውስጥ ጨመሩ፤ የሚላከው መልእክት ምንም ዳታ ያልያዘ፣ አንድ የተወሰነ ጠባይ እንዲበራ ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሞደሙን የሚረከበው፣ ማቲያስ ኡርሊክስ ለቤልጅየሙ ኦፕሽን ኩባንያ ካርዶች የጻፈውና በኩባንያው ስም የሚጠራው ድራይቨር ነው። ይህ ድራይቨር በኋላ የብዙ አምራቾችን ሞደም የያዘ ረጅም ሠንጠረዥ ሆኗል፤ ኢ220 በዕቃ ቁጥሩ 1003 ተመዝግቦ ይገኛል፣ በኢትዮጵያ ኢቪዲኦ በመባል ከሚታወቁት ጋር አንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ የሚጠቀሙ የዜድቲኢ ሞደሞችም በሠንጠረዡ ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ጋሬት የዚህን ድራይቨር የጋራ ክፍል ለይቶ በማውጣት ሌሎች የሞደም ድራይቨሮችም እንዲገለገሉበት ስላደረገ፣ አዲስ ሞደም መጨመር ብዙውን ጊዜ በሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ከመጻፍ አያልፍም።

ለሞደሙ የተላከው ዓይነት ትእዛዝ በዩኤስቢ ቋንቋ የቁጥጥር መልእክት ይባላል። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ዕቃ ይህን መልእክት የመቀበል ግዴታ አለበት፤ በሊኑክስ ውስጥም ድራይቨሮች መልእክቱን ለመላክ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው አንድ ፋንክሽን ይጠቀሙ ነበር። ፋንክሽኑ ዘጠኝ ግብአቶችን ይቀበላል፦ ዕቃውን፣ የመገናኛ መስመሩን፣ የጥያቄውን ቁጥር፣ የጥያቄውን ዓይነት፣ ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮችን፣ ዳታው ያለበትን ቦታ፣ የዳታውን መጠንና መልስ እስኪመጣ የሚጠበቅበትን ጊዜ። በትክክል የተጠቀመበት ሰው ችግር አይገጥመውም ነበር፤ ነገር ግን ፋንክሽኑን በስሕተት መጠቀም በትክክል ከመጠቀም እጅግ የቀለለ ስለነበር በብዙ ድራይቨሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲደጋገም ኖሯል።

የመጀመሪያው ወጥመድ ዳታው የሚቀመጥበትን ቦታ ይመለከታል። የዩኤስቢ ተቆጣጣሪው ዳታውን ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ራሱ በቀጥታ ከሜሞሪ ያነብባል፣ ወደ ሜሞሪም ይጽፋል፤ ይህም ዲኤምኤ ይባላል። ለዚህ የሚያገለግለው ሜሞሪ በልዩ ሁኔታ የተጠየቀ መሆን ሲገባው፣ የድራይቨር ጸሐፊዎች ግን ጥቂት ባይት ብቻ ለመላክ ሲሉ ስታክ የተባለውን የፋንክሽኖች ጊዜያዊ የሥራ ቦታ ይጠቀሙ ነበር። በተለመዱት ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ አሠራር እንደ ዕድል ሆኖ ሲሠራ ስለቆየ ስሕተትነቱን ብዙዎች አላስተዋሉትም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 የወጣው 4.9 ከርነል ስታክን ለደኅንነት ሲባል ወደ ሌላ ዓይነት ሜሞሪ ሲያዛውረው ግን፣ ለዓመታት ሲያገለግሉ የኖሩ ድራይቨሮች በድንገት መሥራት አቆሙ፤ አንድ በአንድም መታረም ነበረባቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነው። ድራይቨሩ ከዕቃው ስምንት ባይት ጠይቆ ዕቃው ሦስት ብቻ ቢመልስ፣ ፋንክሽኑ ስሕተት አያስታውቅም፤ የተቀበለውን መጠን፣ ማለትም 3 የሚለውን ቁጥር ይመልሳል። ስሕተት የሚገለጸው ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ስለሆነ፣ ውጤቱ ከዜሮ በታች አለመሆኑን ብቻ የሚያረጋግጥ ጸሐፊ ሁሉም ነገር የተሳካ መስሎት ይቀጥላል፣ የቀሩት አምስት ባይቶች ግን ቀድሞ በዚያ የሜሞሪ ቦታ ላይ የነበረ ትርፍራፊ ናቸው። ዕቃው በእርጅና ምክንያት ሲደናቀፍ ወይም ሆን ተብሎ ለጥቃት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ድራይቨሩ በዚህ ትርፍራፊ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል፣ አልፎ ተርፎም የከርነሉን ምስጢር ወደ ውጭ ያሾልካል። ሲዝቦት የተባለው፣ ለከርነሉ የተዛባ ግብአት እያመነጨ ስሕተት የሚያፈላልግ የጎግል ፕሮግራም፣ ይህን መሰል ጉድለት በበርካታ ድራይቨሮች ውስጥ አግኝቷል።

ክሮህ-ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረበው መፍትሔ ድራይቨሮቹን አንድ በአንድ ከማረም የተሻለ ነበር። አንዱ ለመላክ፣ ሌላው ለመቀበል የሚሆኑ ሁለት አዳዲስ ፋንክሽኖች ተጨመሩና በዚያው ዓመት ዲሴምበር በወጣው 5.10 ከርነል ውስጥ ገቡ። አዲሶቹ ፋንክሽኖች ተገቢውን ሜሞሪ ራሳቸው ጠይቀው ዳታውን ወደዚያ ስለሚገለብጡ፣ ጸሐፊው ስታክን ቢጠቀም ጉዳት አይደርስም፤ ውጤታቸውም ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም፣ ከተጠየቀው ያነሰ መልስም እንዳልተሳካ ይቆጠራል። ልብ ሊባል የሚገባው የግብአቶቹ ቁጥር አለመቀነሱ ነው፤ እንዲያውም ከዘጠኝ ወደ ዐሥር አድጓል። የቀለለው የሚጻፈው ነገር መጠን ሳይሆን ጸሐፊው በአእምሮው ይዞት ሊዞር ይገባው የነበረው የጥንቃቄ ብዛት ነው፤ ለኢንተርፌስ ቅለት ከዚህ የተሻለ መለኪያ ያለም አይመስልም። መገልበጡ ጥቂት ተጨማሪ ሥራ ቢያስከትልም፣ የቁጥጥር መልእክት አጭርና አልፎ አልፎ የሚላክ በመሆኑ ወጪው አይሰማም።

ከዚህ በፊት የተከናወነውና በድራይቨር አጻጻፍ ላይ ይበልጥ ሰፊ ለውጥ ያመጣው ሥራ ቴጁን ሄዮ እ.ኤ.አ. በ2007 ያስገባው፣ ዴቭኤም በሚል ቅጽል የሚታወቀው አሠራር ነው። አንድ ድራይቨር ሥራ ሲጀምር ሜሞሪ፣ የሰዓት ምልክት፣ የኃይል መስመርና ሌላም ነገር በየተራ ከከርነሉ ይቀበላል። አምስተኛውን ሲጠይቅ ቢከለከል፣ ቀደም ብሎ የተቀበላቸውን አራቱን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል የመመለስ ግዴታ ነበረበት፤ ይህን የመመለሻ ኮድ ጸሐፊው በእጁ ስለሚጽፈው፣ አንዱን መርሳት ወይም ቅደም ተከተሉን ማዛባት የተለመደ ስሕተት ነበር። ስሕተቱም የሚታየው ነገሩ ሲበላሽ ብቻ በመሆኑ፣ ድራይቨሩ በተጻፈበት ላቦራቶሪ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ርቆ ባለ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይገለጣል። በዴቭኤም አሠራር ግን ነገሩ የእድር ዕቃ እንደሚመዘገብበት ሁኔታ ሆኗል፦ ለድግስ የወጣው ድንኳን፣ ብርጭቆና ድስት በተዋሰው ሰው ስም በመዝገብ ላይ ስለሚሰፍር፣ ድግሱ ሲያበቃ መዝገብ ያዡ ዝርዝሩን እያየ ሁሉንም ይሰበስባል። ከርነሉም ለድራይቨሩ የሰጠውን ሁሉ በዕቃው ስም መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ጅማሬው ቢከሽፍም ዕቃው ቢነቀልም ራሱ ያስመልሳል። በዚህም ምክንያት በሺዎች በሚቆጠሩ ድራይቨሮች ውስጥ የነበረው የመመለሻ ኮድ ተሰርዟል፣ አብሮትም በውስጡ የተሸሸጉት ስሕተቶች ጠፍተዋል።

ይሁን እንጂ ማቅለል ሁልጊዜ ያለ ጉዳት አይመጣም። የካሜራና የቪዲዮ ድራይቨሮች ላይ የሚሠራው ሎራን ፒንቻርት እ.ኤ.አ. በ2022 በደብሊን በተካሄደው የሊኑክስ ፕላምበርስ ጉባኤ ላይ፣ ሜሞሪን በዴቭኤም መንገድ መጠየቅ በብዙ ድራይቨሮች ውስጥ ጎጂ መሆኑን በዝርዝር አቅርቧል። ምክንያቱን ለመረዳት በአገልግሎት ላይ እያለ በድንገት የሚነቀልን የዩኤስቢ ዕቃ ማሰብ ይበቃል፤ ዕቃው ሲነቀል ከርነሉ በስሙ የተመዘገበውን ሜሞሪ ወዲያው ያስመልሳል፣ ዕቃውን የከፈተው ፕሮግራም ግን ገና አልዘጋውም፣ ስለዚህ ቀጥሎ በሚያቀርበው ጥያቄ ድራይቨሩ ለሌላ ሥራ የተሰጠን ሜሞሪ ሊነካ ይችላል። የዕቃው ዕድሜና የፕሮግራሙ ዕድሜ የተለያዩ ሆነው ሳለ፣ አመቺው ፋንክሽን ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያሳይ ጸሐፊው ልዩነቱን ይዘነጋል። ይህ ተቃውሞ ተገቢ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ነው፤ መልካም ኢንተርፌስ አላስፈላጊውን ጥንቃቄ ከጸሐፊው ትከሻ ላይ ያወርዳል እንጂ አስፈላጊውን ከዓይኑ አይሰውርምና።

ሌላው የማቅለል ሥራ ዕቃው ሲነቀል ከርነሉ የሚጠራውን የስንብት ፋንክሽን ይመለከታል። ይህ ፋንክሽን ለረጅም ጊዜ ቁጥር ይመልስ ስለነበር፣ ብዙ ጸሐፊዎች ነገሩ ካልተመቻቸው የስሕተት ቁጥር በመመለስ ስንብቱን ማስቆም የሚችሉ ይመስላቸው ነበር። የተነቀለ ዕቃ ግን ተነቅሏል፤ ከርነሉ ቁጥሩን ችላ ብሎ ስንብቱን ይቀጥላል፣ ድራይቨሩ ሳይመልስ የተወው ነገርም እንደባከነ ይቀራል። ኡቨ ክላይነ-ኮኒግ የተባለው ጀርመናዊ ፕሮግራመር ፋንክሽኑ ምንም እንዳይመልስ ለማድረግ ዓመታት የፈጀ ሥራ አከናውኗል፦ ፕላትፎርም በሚባለው ትልቅ የድራይቨሮች ምድብ ውስጥ በ2023 መጀመሪያ ጊዜያዊ ስም ያለው አዲስ ፋንክሽን ገባ፣ እጅግ ብዙ ድራይቨሮች በየክፍሉ ኃላፊ ፈቃድ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ተዛወሩ፣ በ2024 ዋናው ስም አዲሱን መልክ ያዘ፣ ከዚያም ጊዜያዊውን ስም የማስወገድ ሌላ ዙር ተጀመረ። በዲሴምበር 2024 ቶርቫልድስ ራሱ በጥቂት በጥቂቱ የሚመጣው ለውጥ ሰልችቶት ቀሪውን በአንድ ጊዜ ጠርጎ አስወገደው። እንዲህ ዓይነቱ በብዙ ፋይሎች ላይ የሚደጋገም ለውጥ በእጅ ብቻ እንዳይሠራ፣ ጁሊያ ላዎልና ባልደረቦቿ የፈጠሩት ኮክሲኔል የተባለ መሣሪያ ይረዳል፤ ፕሮግራመሩ ለውጡን አንድ ጊዜ በናሙና መልክ ይገልጻል፣ መሣሪያውም ያንኑ ናሙና የሚመስለውን ኮድ በመላው ከርነል ፈልጎ ይለውጣል።

ይህ ሁሉ እንክብካቤ የሚደርሰው ግን ከርነሉ ውስጥ ላለ ድራይቨር ብቻ ነው፤ በሱቅ ዐረቢ ይሸጡ ከነበሩትም ሆነ በአዲስ አበባ መርካቶ ከሚሸጡት ስልኮች አብዛኞቹ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናቸው። የአንድሮይድ ስልክ አምራቾች የካሜራውን፣ የስክሪኑንና የሬዲዮውን ድራይቨር ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ስለሚጽፉት፣ ውስጣዊው ኢንተርፌስ ሲለወጥ የሚያስተካክልላቸው የለም፤ አምራቹ ፊቱን ሲያዞር ስልኩ በተሸጠበት ከርነል ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ጎግል ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ 5.10 ከርነል ይዘው የሚወጡ አዳዲስ ስልኮች አንድ የጋራ ከርነል እንዲጠቀሙ፣ የአምራቾቹም ድራይቨር በእያንዳንዱ የከርነል ትውልድ ውስጥ በማይለወጥ የተወሰነ ኢንተርፌስ በኩል እንዲገናኝ ማዘዙ ለዚህ ችግር የተሰጠ ከፊል መልስ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትን ስልኮች ግን አይመለከትም።

በከርነሉ ውስጥ ላሉትም ቢሆን ጥበቃው ፍጹም አይደለም። ኢንተርፌስ የሚያቀልል ሰው ሁሉንም ድራይቨሮች ያስተካክላል እንጂ ዕቃዎቹ ሁሉ በእጁ ስለሌሉ ያስተካከለው መሥራቱን አይሞክርም፤ ተጠቃሚ ያለው የማይመስል ድራይቨር ሲያጋጥመውም ከማስተካከል ይልቅ መሰረዝን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በድሮ ላፕቶፖች ጎን የሚሰካው የፒሲኤምሲአይኤ ካርድ የተወሰኑ ድራይቨሮች ስሕተት ሲገኝባቸው፣ የሚጠቀምባቸው ሰው አለ ተብሎ ስላልታመነ ሙሉ በሙሉ ተወግደዋል። ውሳኔው በራሱ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል፤ ዝምታን ዕቃው ለመጥፋቱ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ግን አሮጌ ዕቃ በብዛት በሚሠራባቸው፣ ባለቤቶቹም ከከርነሉ ጸሐፊዎች ጋር በማይጻጻፉባቸው ከተሞች ላይ ያደላል።

የሱዳን ጦር የካርቱምን መሐል እ.ኤ.አ. በማርች 2025 መልሶ ሲቆጣጠር ሱቅ ዐረቢ በቃጠሎና በዘረፋ ክፉኛ የወደመ ገበያ ነበር። ከሱዳናውያኑ ጋር በከተማዋ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እንዲህ ባለ ሁኔታ፣ በእጅ ያለን የመገናኛ ዕቃ በአዲስ መተካት በማይቻልበት ጊዜ የነበረውን ማሠራት ብቸኛው አማራጭ ይሆናል። ከርነሉ ለዚህ የተከፈተ አንድ በር አለው፦ ለውጡን በእውነተኛ ዕቃ ላይ የሞከረ ሰው ስሙና ኢሜይሉ ሞካሪ ተብሎ ከለውጡ ጋር በቋሚነት ይመዘገባል፣ ለዚህም ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አያስፈልገውም፤ አዲሱን ከርነል ጭኖ፣ ዕቃውን ሰክቶና ነቅሎ፣ ከርነሉ የጻፈውን የክንውን መዝገብ መላክ ይበቃዋል። ኢ220ን የመሰለ ሞደም ያለው የካርቱም፣ የገዳሪፍ ወይም የጎንደር ጠጋኝ፣ ኢንተርፌሱን ያቀለለው ፕሮግራመር በጠረጴዛው ላይ የሌለውን ነገር ይዟል።